ቀፎውን ሳይከፍቱ፦ የአቶምን አስኳል በብርሃን ስለ ማንኳኳት

ባለፈው ጥቅምት አጎቴን ልጠይቅ ሰከላ ሄጄ ነበር። ማር የሚቆረጥበት ሰሞን ነው። አጎቴ ማር ከመቁረጣቸው በፊት አንድ ልማድ አላቸው። ጓሮ ያሉትን ቀፎዎች አንድ በአንድ ይዞራሉ። በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ይደቅናሉ። «ይኼ ሞልቷል» ይላሉ። «ይኼ ገና ነው።» አንዱ ጋ ሲደርሱ ግን ምንም ሳይሉ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ማታ ሲከፈት ከጥቂት ደረቅ ሰፈፍ በቀር ምንም አልነበረበትም።

«እንዴት ነው የሚያውቁት?» አልኳቸው።

«እጄ ያው እጄ ነው» አሉኝ። «አመታቴን አውቀዋለሁ። ድምፁ ከተለወጠ የተለወጠው ውስጡ ነው።»

ሳቄ መጣ። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት ሙሉ የታገልኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። የዚያ ትምህርት ርእስ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያስፈራል፦ «በቀላል የአቶም አስኳሎች ላይ የሚካሄዱ ኤሌክትሮማግኔታዊ ግብረ መልሶች ቲዎሪያዊ ሞዴል»። ሰው ሲጠይቀኝ «ፊዚክስ ነው» ብዬ እገላገል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቀፎውን እጠራለሁ። ቀፎው የአቶም አስኳል ነው። ኳ ኳ የሚያደርገው ብርሃን ነው። ድምፁ ደግሞ ብርሃኑ ሲመታው አስኳሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ መንቀጥቀጥም ይሁን መሰንጠቅ። የቲዎሪው ሥራ ገና ሳይንኳኳ ድምፁ ምን እንደሚሆን በስሌት መናገር ነው።

«ቀላል» ስለምትለው ቃል አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስታል። ቀላል የተባለው ክብደቱ ነው እንጂ ሥራው አይደለም።

አቶም መሀል ላይ ያለችው ፍሬ አስኳል ትባላለች። ውስጧ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተቃቅፈው ይኖራሉ። ሁለት ብቻ ያሉባት ዲዩትሮን ናት፤ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን። ሦስት ያሉባቸው ትሪቶንና ሂሊየም-3 ናቸው። አራት ያሉባት ሂሊየም-4 ናት። ከዚያ ሊቲየም-6፣ ሊቲየም-7 እያለ ይቀጥላል። የእኛ ሰፈር እዚህ አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያሉትን ከባዶቹን የሚያሰሉ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ዘዴያቸውም ሌላ ነው።

ዲዩትሮንን ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ አንድ ብርጭቆ ውኃ አንሱ። ውኃ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ነው። ከ6,400 ገደማ የሃይድሮጂን አቶሞች አንዱ ዲዩትሪየም ነው፤ አስኳሉ ዲዩትሮን ነው ማለት ነው። ሲሰሙት ኢምንት ይመስላል። በዚያች አንዲት ብርጭቆ ውስጥ ያሉት ግን ከሁለት ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ። ዕድሜያቸውም ጉድ ነው። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ሰፈር ጉልበት የሚሰፈረው በኤሌክትሮን ቮልት ነው። ብርሃን ቅንጣት ቅንጣት እየሆነ ይመጣል፤ ቅንጣቷ ፎቶን ትባላለች። ከአደይ አበባ ተነሥቶ ዓይናችን የሚገባው ቢጫ ብርሃን በአንድ ፎቶን 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይይዛል። ዲዩትሮንን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ደግሞ 2.22 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ቁጥሩ ያው ሁለት ከምናምን ነው፤ ሚሊዮኗን ግን ልብ በሉልኝ። አደይ አበባ በዓይናችን ስትገባ ዓይናችን ውስጥ ያለውን አንድም ዲዩትሮን የማትሰብረው ለዚህ ነው። የምናንኳኳው በሚሊዮን እጥፍ በበረታ ብርሃን ነው፤ በጋማ ጨረር። ከአሁን በኋላ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትን «ሜቮ» እያልኩ ላሳጥረው።

ሂሊየም-4 ሌላ ፍጡር ናት። አራቱን ለያይቶ ለመበተን 28.3 ሜቮ ትጠይቃለች። አንድ ፕሮቶን ብቻ መንጥቆ ለማውጣት እንኳ 19.8 ሜቮ ይፈጃል። ዲዩትሮን ላላ ያለ ጥማድ ነው፤ ሁለቱ በሬዎች አብዛኛውን ጊዜ ተራርቀው ይገኛሉ። ሂሊየም-4 በጮቄ ብርድ አንድ ጋቢ ውስጥ የተጠቀለሉ አራት ልጆች ናት። ይህ ለማሳመር ያልኩት አይደለም፤ ተለክቷል። የዲዩትሮን ራዲየስ 2.13 ፌምቶ ሜትር ገደማ ነው፤ የሂሊየም-4 ደግሞ 1.68። ፌምቶ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህ ቢሊዮንኛ ነው። አራቱ ከሁለቱ ያነሰ ቦታ ይይዛሉ ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ የተገለበጠ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ያንኳኳው ማን ነው? ጄምስ ቻድዊክ ኒውትሮንን ያገኘው በ1932 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሂትለር ጀርመን የሸሸ ሞሪስ ጎልድሃበር የሚባል የ23 ዓመት ተማሪ ካምብሪጅ ውስጥ አንድ ሐሳብ ይዞለት መጣ። ዲዩትሮንን በጋማ ጨረር እንምታው አለው። ቶሪየም የሚባለው ንጥረ ነገር እየተፈራረሰ ሲሄድ የሚወጣ 2.6 ሜቮ ጨረር እጃቸው ላይ ነበር። 2.6 ከ2.2 ይበልጣል። መቱት፤ ተሰነጠቀ። ከተፈናጠረው ፕሮቶን ጉልበት ተነሥተው የኒውትሮንን ክብደት አሰሉ። ኒውትሮን ከፕሮቶን ትንሽ እንደሚከብድ አስተማማኝ በሆነ መንገድ የታወቀው ያኔ ነው።

ስለዚህ ጨረር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ቶሪየም በየአፈሩ በጥቂት በጥቂቱ አለ። ደጀን አፋፍ ላይም፣ ሞጣም፣ ዳንግላም። ያው 2.6 ሜቮ ጨረር ከዚያ አፈር ዛሬም ይወጣል። አፈሩ ውስጥ እርጥበት አለ፤ እርጥበቱ ውስጥ ዲዩትሮን አለ። እናም እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ክረምት ላይ በራሰ የጎጃም ማሳ ውስጥ የ1934ቱ ሙከራ ማንም ሳያየው ራሱን ይደግማል። ደመወዝ የማይከፈለው ላቦራቶሪ በሉት።

ወደ ቲዎሪው እንምጣ። ቻድዊክ በዚያ ሰሞን ሃንስ ቤቴንና ሩዶልፍ ፓየርልስን አግኝቶ «ይህን መሰንጠቅ በስሌት አታስረዱትም» እያለ ነገር ፈለጋቸው ይባላል። ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፤ እልህ ይዟቸዋል። ከካምብሪጅ ወደ ማንቸስተር በሚወስዳቸው ባቡር ላይ ወረቀት አውጥተው ሥራ ጀመሩ። ሲወርዱ ጨርሰዋል። ጽሑፋቸው በ1935 ታተመ። የዘርፉ የመጀመሪያ ስሌት በባቡር ወንበር ላይ ተሠራ ብንል አንሳሳትም። ከባሕር ዳር ማርቆስ በአባዱላ ስመጣ ይህን አስባለሁ። እኔ በዚያ መንገድ ላይ እንኳን ስሌት፣ ስልኬንም ማንበብ አልችልም።

በባቡር ላይ ማለቁ ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዲዩትሮን ሁለት አካል ብቻ ነው። ሁለተኛው ነገሩን በሙሉ የሚሸከመው ነው፤ ብርሃን የዋህ አንኳኪ ነው።

እንዲህ ላስረዳ። አስኳልን ፕሮቶን ወርውሮ መምታትም ይቻላል፤ በየአገሩ ይደረጋል። ግን የተወረወረው ፕሮቶን ራሱ አስኳሉ ውስጥ ካሉት ጋር እነሱን በሚያስተሳስረው በዚያው በኑክሌር ኃይል ይያያዛል። ልናውቀው የምንፈልገው ደግሞ ይህንኑ ኃይል ነው። የማላውቀውን በማላውቀው መታሁት፤ ድምፁ ሲወጣ የማን እንደሆነ ማን ይፈርዳል? በብርሃን ግን እንደዚያ አይደለም። ብርሃን ከኤሌክትሪክ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሰው ልጅ ከሚያውቃቸው ነገሮች ሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው ነው። ግንኙነቱም ደካማ ነው። ድካሙ የሚለካው 1/137 በምትባል ቁጥር ነው። አንድ ፎቶን መጥታ መታች፤ ሁለተኛዋ ደርባ የመምታቷ ነገር በስሌቱ ውስጥ ከመቶ አንድ ያህል ነው። ስለዚህ «አንድ ፎቶን፣ አንድ ምት» ብለን ቆጥረን ማለፍ እንችላለን። አጎቴ «አመታቴን አውቀዋለሁ» ያሉት ይህንን ነው። አመታቱ ከታወቀ፣ ድምፁ ካሰላነው ሲለይ ጥፋቱ የብርሃኑ አይደለም። ስለ አስኳሉ ከምናምነው አንዱ ስሕተት ነው።

በኤሌክትሮንም ይንኳኳል። ኤሌክትሮኑ በአስኳሉ ጎን ሲያልፍ ፎቶን ያቀብላል፤ ራሱ መንገዱን ይቀጥላል። ይህኛው አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በጋማ ጨረር ስትመቱ ጉልበቱና ግፊቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። በኤሌክትሮን ግን ለየብቻ መምረጥ ይቻላል። አንዴ በመዳፍ ጠፍ እንደማድረግ፣ አንዴ በጥፍር ጫፍ እንደመንካት ነው። ሮበርት ሆፍስታተር በ1961 ኖቤል ያገኘው በዚህ ዓይነት ማንኳኳት የአስኳሎችንና የፕሮቶንን ቅርጽ ስለለካ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ቤቴና ፓየርልስ ከባቡር ከወረዱ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። አንድ እንከን ግን ቀረ። መሰንጠቁን ገልብጡት። ዝግ ያለ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይጠጋና ይያያዛሉ፤ ዲዩትሮን ይሆናሉ፤ የተረፈው 2.22 ሜቮ ጋማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሆን በጣም በጥሩ ሁኔታ ተለክቷል። ስሌቱ ደግሞ ከልኬቱ 10 በመቶ ገደማ ያንሳል። ዘጠና በመቶ ማግኘት ለፈተና ጥሩ ውጤት ነው። ለዲዩትሮን ግን አሳፋሪ ነው፤ ሁለት አካል ብቻ ነው እኮ! እዚህ 10 በመቶ ከጠፋ ሊቲየም ላይ ምን ሊጠፋ ነው?

የጠፋው ምን እንደሆነ ለማየት ገና ጨዋታን አስቡ። ለልደት ሜዳ ላይ ሁለት ቡድን ቆሟል፤ ሩሯ በዱላ እየተመታች ትከንፋለች። አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋይ ወደ ሜዳው ቢወረውር ማንን ሊመታ ይችላል? ተጫዋቾቹን ያልን እንደሆነ አንድ ነገር ረስተናል። ሩሯንም ሊመታ ይችላል። ያቺ በአየር ላይ ያለች ሩር የጨዋታው አካል ናት።

አስኳል ውስጥም እንዲሁ ነው። ሂዴኪ ዩካዋ የሚባል ጃፓናዊ በ1935 ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚሳሳቡት አንድ ነገር እየተቀባበሉ ነው አለ። ያ ነገር ፓይኦን ይባላል። በ1947 ተገኘ፤ ዩካዋም በ1949 ኖቤል ወሰደ። ፓይኦን ኤሌክትሪክ ሊሸከም ይችላል። ኤሌክትሪክ ከተሸከመ ብርሃን ያየዋል። የድሮው ስሌት ግን ብርሃኑ የሚመታው ፕሮቶኑን ወይም ኒውትሮኑን ብቻ ነው ብሎ ነው የጀመረው። ተጫዋቾቹን ቆጥሮ ሩሯን ረስቷል። በ1972 ዳን ኦሎፍ ሪስካና ጄራልድ ብራውን በመካከል የሚበረውን ፓይኦን ስሌቱ ውስጥ አስገቡ። አሥር በመቶው ሞላ።

ይህ ነገር ለእኔ የዚህ ዘርፍ ሁሉ ማሳያ ነው። ፓይኦኗን ማንም በዚያች ቅጽበት ያያት የለም። ድምፁ በአሥር በመቶ ስለጎደለ ብቻ መኖሯ ታወቀ። ይህም የሆነው አመታቱ እስከ ጥግ ስለሚታወቅ ነው። አመታቱ ራሱ በአሥር በመቶ የሚያጠራጥር ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ሰው «የመለኪያ ስሕተት ነው» እያለ ይኖር ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ ሩር የመርሳት ጥፋት ሁልጊዜ አይጎዳም። አርኖልድ ሲገርት በ1937 አንድ ብልሃት አሳየ። የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ከየትም አይመጣም፣ የትም አይጠፋም። ስለዚህ ብርሃኑ ዝግ ያለ ከሆነ፣ ያ ሙል የት የት እንዳለ ብቻ ካወቅህ እንዴት እንደተጓዘ መቁጠር አያስፈልግህም። ከገበያ በፊትና በኋላ ጎተራው ውስጥ ያለውን ጤፍ የሰፈረ ሰው በየትኛው አህያ እንደተጫነ ባያውቅም ስንት እንደወጣ ያውቃል። ለኤሌክትሪካዊው የብርሃን ክፍል ይህ ይሠራል። ለማግኔታዊው ግን አይሠራም፤ ያ አሥር በመቶ የጠፋውም በማግኔታዊው በኩል ነበር።

ከሁለት ወደ ሦስት ስንሄድ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በሁለት አካል መካከል ያለውን ኃይል ብዙ ሺህ ልኬት ሰብስቦ በትክክል መጻፍ ይቻላል። በ1995 የወጣውና «አርጎን ቪ-18» የሚባለው የኃይል ቀመር ከታወቁት አንዱ ነው። ታዲያ ይህን ቀመር ይዛችሁ ትሪቶንን አስሉት። የሚያስተሳስረው ጉልበት 7.6 ሜቮ ገደማ ይመጣል። የተለካው 8.48 ነው። ሂሊየም-4ን አስሉ፤ 24.3 ገደማ ይመጣል። የተለካው 28.3 ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ በተለያየ ዘዴ በተለያዩ ሰዎች ተሠርቶ አንድ ነው የመጣው። የጎደለው ኃይል ነው። ሦስት አካል አንድ ላይ ሲሆን ብቻ የሚወለድ፣ በጥንድ በጥንድ ብትቆጥሩት የማይገኝ ኃይል አለ።

ሦስት ጉልቻን አስቡ። ሁለት ጉልቻ ግማሽ ድስት አይሸከምም፤ ምንም አይሸከምም። ድስቱን የሚያቆመው የሦስቱ በአንድነት መኖር ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ግን እዚህ አይሠራም። የሦስት አካል ኃይሉን ዓይነት ስትለዋውጡ ወጡ ይለወጣል፤ በብርሃን ሲመቱት የሚሰማው ድምፅ ይቀየራል። ለዚህም ነው ሰዎች ሂሊየም-3ንና ሂሊየም-4ን ደጋግመው የሚያንኳኩት። የትኛው ጉልቻ እንደሆነ ከድምፁ ሊለዩ ይፈልጋሉ። ከ1990 ወዲህ ደግሞ ስቲቨን ዋይንበርግ በከፈተው መንገድ እነዚህን ኃይሎች በደረጃ በደረጃ ማውጣት ተጀምሯል። ትልቁ መጀመሪያ ይመጣል፤ ትንሹ ይከተላል፤ የሦስት አካሉ በቦታው ብቅ ይላል። የተተወው ምን ያህል እንደሚያጠፋም አብሮ ይገመታል። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በዚህ ነው።

«ታዲያ ኮምፒውተር ላይ መጫን ነው እንጂ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አብረን እንቁጠር። ሦስት አካል ያለበትን ቦታ ለመግለጽ በአንድነት የሚያደርጉትን ጉዞ ትተን 6 ቁጥር ያስፈልጋል። ለአራት አካል 9። ለስድስት አካል 15። በእያንዳንዱ ላይ መቶ መቶ ነጥብ ብቻ እንያዝ። ለሦስት አካል አንድ ሺህ ቢሊዮን ነጥብ ሆነ። ለአራት አካል ቢሊዮን ቢሊዮን። ለሊቲየም-6 አንድ ብለን 30 ዜሮ እንደረድራለን። ይህን ሁሉ ነጥብ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር የለም፤ አይኖርምም። ስለዚህ ዘዴው ሁሉ ብልሃት ነው። ሉድቪግ ፋዴዬቭ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሦስት አካልን ጥያቄ በትክክል የሚፈታ እኩልታ ጻፈ። ያኩቦቭስኪ በ1967 ወደ አራትና ከዚያ በላይ አሰፋው። ሌሎች ደግሞ ሁሉንም ነጥብ ሳይሆን የሚጠቅሙትን ቅርጾች ብቻ መርጠው ይደምራሉ።

ይህ ሁሉ ግን አስኳሉ ሳይሰበር ነው። ሲሰበር ይብሳል። ሂሊየም-4 በአንድ ምት በአምስት መንገድ ልትበተን ትችላለች። ፕሮቶን ወጥቶ ትሪቶን ይቀራል። ወይም ኒውትሮን ወጥቶ ሂሊየም-3 ይቀራል። ወይም ሁለት ዲዩትሮን ትሆናለች። ወይም ዲዩትሮን፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ለየብቻ ይሄዳሉ። ወይም አራቱም ይበተናሉ። ፍርስራሹ ደግሞ እየተሻሸ፣ እየተሳሳበ ነው የሚርቀው፤ እስከ ወሰን የለሽ ርቀት። ስሌቱ እያንዳንዱን ፍርስራሽ እስከዚያ ድረስ መከተል አለበት። ለብዙ ዓመታት ይህ ግድግዳ ነበር።

በ1994 ቪክቶር ኤፍሮስ፣ ዊንፍሪድ ላይደማንና ጁሴፒና ኦርላንዲኒ ግድግዳውን ዞሩት። ብልሃቱ ሲሰሙት ሞኝነት ይመስላል። ድምፁን ጥርት አድርገህ አትስማው፤ አፍነህ ስማው! አጎቴ ቀፎውን በጋቢ ጠቅልለው ያዳምጡ እንበል። ድምፁ ይደፈናል፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ይቀላቀላል። ግን ሒሳቡ ውስጥ አንድ ተአምር ይፈጠራል። በታፈነው ድምፅ ስሌት ውስጥ ፍርስራሾቹ እስከ ወሰን የለሽ አይሮጡም፤ ትንሽ ርቀው ይደበዝዛሉ። እኩልታው ያልተሰበረ አስኳልን የማስላት ያህል ይሆናል። አምስቱንም መንገድ ለየብቻ መከተል ቀረ። ካሰሉ በኋላ ጋቢውን በሒሳብ ይገፍፉታል፤ የጠራው ድምፅ ይወጣል። ስሙ የሎሬንትዝ ኢንቲግራል ትራንስፎርም ነው። ስሙን መርሳት ይቻላል፤ ጋቢዋን አትርሱ።

ጋቢ ሲገፈፍ ግን አደጋ አለ። የታፈነው ስሌት ውስጥ ያለች ጥቃቅን ስሕተት ሲገፈፍ ትጎላለች። ጋቢው በጣም ወፍራም ከሆነ ደግሞ ቀጭን ድምፅ ካለ ለዘለዓለም ይጠፋል። የእኔ የሁለት ዓመት ልፋት ግማሹ ይህቺን ነበር የሚያሳድደው። ልኩን አስተካክዬ አገኘሁ ባልኩ ቁጥር መብራት ይሄዳል።

ብልሃቱ ፍሬ አፈራ። ሂሊየም-4 በጋማ ስትመታ ከ20 ሜቮ ጀምሮ ምላሽ ትሰጣለች። በዚያ ምት ፕሮቶኖቹ ወደ አንድ ጎን፣ ኒውትሮኖቹ ወደ ሌላው ይላሉ፤ ትከሻ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድበት እስክስታ በሉት። ስሌቱ ከ25 ሜቮ አለፍ ሲል ምላሿ እንደ ጉብታ ጉልህ ሆኖ ከፍ ይላል አለ። ልኬቶቹ ግን ራሳቸው ይጣሉ ነበር። አንዱ ላቦራቶሪ ጉብታ አለ ሲል ሌላው ጠፍጣፋ ነው ይላል፤ በአንድ ጉልበት ላይ የአንዱ ቁጥር የሌላው እጥፍ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ነበር። በ2006 የሦስት አካል ኃይሉን ጨምሮ የተሠራው ስሌትም ከጉብታው ጎን ቆመ። በኋላ በ2012 አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የተደረገ ልኬትም ለጉብታው መሰከረ። ቲዎሪ ለሙከራ «እባክህ ደግመህ ለካ» ሲል ብዙ ጊዜ አይሰማም። እዚህ ተሰማ።

ወደ ጣናው ብርጭቆ ልመለስ። እነዚያ ዲዩትሮኖች ከየት መጡ? ከዓለም መጀመሪያ ደቂቃዎች ነው የመጡት፤ 13.8 ቢሊዮን ዓመት። ከዋክብት ዲዩትሮንን ያቃጥላሉ እንጂ አያጠራቅሙም። ያኔ በጥንት ፕሮቶንና ኒውትሮን በተያያዙ ቁጥር አንድ ጋማ መጥቶ ይሰነጥቃቸው ነበር፤ ቤቴና ፓየርልስ ባቡር ላይ ያሰሉት ያው ነገር። ለአንድ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ከቢሊዮን በላይ ፎቶን ነበር፤ መንደሩ ሁሉ በዱላ የተሞላ ነው። ከሦስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ዓለም ቀዘቀዘ፤ ፎቶኖቹ ከ2.22 ሜቮ በታች ወረዱ። ዲዩትሮን መኖር ቻለ። ወዲያው አብዛኛው ተያይዞ ሂሊየም-4 ሆነ፤ ከተራው ቁስ አካል በክብደት ሩቡ ያህል። ከመቶ ሺህ ሃይድሮጂን ሁለት ተኩል ገደማ ብቻ ዲዩትሪየም ሆኖ ተረፈ።

ስንት እንደተረፈ ከሚወስኑት ዋና ዋና ምላሾች አንዱ ኤሌክትሮማግኔታዊ ነው። ዲዩትሮን ፕሮቶን ይይዛል፤ ሂሊየም-3 ይሆናል፤ 5.5 ሜቮ ጋማ ይወጣል። ይህን ምላሽ ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1,400 ሜትር ዓለት ከላይ ተጭኖት የሚሠራው የሉና ቡድን ለክቶ ውጤቱን በ2020 አሳተመ። ስሕተቱ ከ3 በመቶ አይበልጥም። ከመጀመሪያ መርህ ተነሥቶ የተሠራው ስሌት ከልኬቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ያቺ ትንሽ ልዩነት ዓለም ውስጥ ምን ያህል ተራ ቁስ አካል አለ ለሚለው ጥያቄ መልስ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለ የሦስት አካል ስሌት ስለ ሰማዩ ሁሉ ይናገራል ማለት ነው።

አሁንም ግን ያልገባን ነገር አለ፤ ያውም በታወቀችው በሂሊየም-4። 20.2 ሜቮ ላይ አንድ ልዩ ድምፅ አላት። በዚያ ላይ አስኳሏ እንደ ሳንባ ታብጣለች፣ ትሟሽሻለች፤ ቅርጿ ክብ እንደሆነ ይቆያል። በ2023 ጀርመን ማይንትዝ ውስጥ በኤሌክትሮን ተንኳኩታ በጥንቃቄ ተለካች። ከ2013 ጀምሮ የነበረው ዘመናዊ ስሌት የልኬቱን እጥፍ ያህል ይሰጣል። አሥር በመቶ አይደለም፤ እጥፍ! ሌሎች ደግሞ በሌላ ዘዴ አስልተን ከልኬቱ ጋር ገጠመልን ብለዋል። አስቸጋሪው ድምፁ በጣም ቀጭን መሆኑ ነው፤ ፕሮቶኑ ሊያመልጥ ከሚችልበት ደጃፍ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ጋቢው ወፍራም ነበር? ጉልቻው ሌላ ነው? ሁለቱም ወገን ቁጥሩን ይዞ ይከራከራል። እኔ ጉልቻው ላይ እጠረጥራለሁ፤ ግን የእኔን ጥርጣሬ ማንም አልጠየቀኝም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ሳወራ ማሩን እየላሱ በትዕግሥት ሰሙኝ። የማይንትዙ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ሁለት ጊዜ አንኳኩተው ነው ወይስ አንዴ?»

«እጅግ ብዙ ጊዜ ነው እንጂ» አልኳቸው።

«እንግዲያ ቀፎው ነው» አሉ፤ ማንኪያውንም አቀበሉኝ።

እኔ ማርቆስ ተመልሼ የዲዩትሮኑን ስሌት በአሮጌው ላፕቶፔ ከፍቼዋለሁ። ሁለት አካል ስለሆነ ባትሪው ሳያልቅ፣ መብራቱም ሳይሄድ ያልቃል። ሂሊየም-4ን ግን ማታ ጀምሬው ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ ጨለማ ነው።